የፕላቲነም ቅይጥ ካታሊስት ሲደክም ምኑ እንደተጎዳ ለይቶ መለካት፦ ጎንደር ላይ ለሚሠራ ላቦራቶሪ

ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የነዳጅ ሴል (ፊዩል ሴል) የሚሠራው በፕላቲነም ካታሊስት ነው፤ ዕድሜው የሚፈተነውም ቮልቴጁን ደጋግሞ ከፍ ዝቅ በማድረግ፣ በዑደት ነው። ከ30,000 ዑደት በኋላ «ካታሊስቱ ግማሽ አቅሙን አጣ» የሚል ውጤት ብቻውን ብዙም አይጠቅምም። ያጣው ምኑን ነው? የፕላቲነሙ ገጽ ጠቦ ሊሆን ይችላል። ገጹ እንዳለ ሆኖ ኮባልቱ ታጥቦ ሊሆን ይችላል። ፕላቲነሙን የተሸከመው ካርቦን ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ካታሊስቱ ደህና ሆኖ ውሃው ወይም ብርጭቆው ቆሽሾም ሊሆን ይችላል። የአራቱም መፍትሔ ለየቅል ነው። ጎንደር ላይ አምስተኛ ነገር ይጨመራል፤ እሱም የአየር ግፊቱ ነው። 2,100 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ የተለካን ቁጥር ሳያርሙ ከባሕር ጠለል ቁጥር ጋር የሚያወዳድሩ ሰዎች ጥሩ ካታሊስት ያለ ጥፋቱ ይኮንናሉ።

ምን ምን ይጎዳዋል

ፕላቲነም አይበላሽም የሚባለው ለጌጥ ነው። አሲድ ውስጥ ከ0.9 ቮልት አካባቢ ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ ይሟሟል። የባሰ የሚሟሟው ደግሞ ቮልቴጁ አንድ ቦታ ቆሞ ሲቆይ ሳይሆን ሲወጣና ሲወርድ ነው። ሲወጣ ኦክሳይዱ ገጹን ሸፍኖ እስኪጠብቀው ድረስ ይሟሟል። ሲወርድ ኦክሳይዱ ይነሳና ከቦታቸው የተፈናቀሉት አቶሞች አብረው ይሄዳሉ። መኪና ላይ ነዳጅ ሲረገጥና ሲለቀቅ ሴሉ ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው።

የሟሟው ፕላቲነም ሁለት መሄጃ አለው። አንዱ ትልልቆቹ ቅንጣቶች ላይ መለጠፍ ነው፤ ላለው ይጨመርለታል እንደሚባለው 2 ናኖ ሜትር የነበረው ይጠፋል፣ 6 የነበረው ይወፍራል። ሌላው ወደ ሜምብሬኑ (የሴሉን ሁለት ጎኖች ለይቶ ፕሮቶን ብቻ ወደሚያሳልፈው ስስ ፕላስቲክ) መግባት ነው። እዚያ ከአኖድ (ሃይድሮጅን ከሚገባበት ጎን) በኩል ሾልኮ የመጣ ሃይድሮጅን ያገኘውና ወደ ብረትነቱ ይመልሰዋል፤ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ቀጭን መስመር ሠርቶ ይታያል። ያ ፕላቲነም ከኤሌክትሮዱ ጋር ስለማይገናኝ ከሥራ ወጥቷል።

ኮባልትና ኒኬል የሚቀየጡት በፕላቲነም አቶሞች መካከል ያለውን ርቀት አጥብበው ኦክስጅን ከልክ በላይ እንዳይጣበቅ ስለሚያደርጉ ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው የመጀመሪያው ሚራይ የተባለ የሃይድሮጅን መኪና ካቶዱ (አየር የሚገባበት ጎን) ላይ ፕላቲነም-ኮባልት የተጠቀመው ለዚህ ነው። ችግሩ ኮባልት በአሲድ ውስጥ የመቀመጥ ፍላጎት የለውም፤ መደበኛ ፖቴንሻሉ ከዜሮ በታች፣ ወደ −0.28 ቮልት ነው። ቅይጡ ውስጥ የሚያቆየው በላዩ ያለው ጥቂት የአቶም ድርብ ውፍረት ያለው የፕላቲነም ቆዳ ብቻ ነው። ቆዳው በዑደት ሲሳሳ ኮባልቱ ይወጣል። ወጥቶም አርፎ አይቀመጥም፤ እያንዳንዱ የኮባልት አዮን ሜምብሬኑና ናፊዮኑ (ከካታሊስቱ ጋር የሚደባለቀው ፕሮቶን አሳላፊ ፕላስቲክ) ውስጥ የሁለት ፕሮቶን ቦታ ይይዛል። ስለዚህ የኮባልት መውጣት ጉዳቱ ድርብ ነው። የተቀየጠው በኮባልት ፈንታ ብረት (አይረን) ከሆነ ደግሞ ይከፋል፤ ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ሆኖ ሜምብሬኑን የሚቆራርጡ ራዲካሎች ይፈጥራል። ርካሽ ነው ብላችሁ ወደ ፕላቲነም-ብረት ከመሄዳችሁ በፊት ይህን አስቡ።

ካርቦኑ ከ0.207 ቮልት በላይ በሙሉ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለወጥ ይችላል፤ የሚያድነው ለውጡ በጣም ቀርፋፋ መሆኑ ነው። ሴሉ ሲነሳና ሲጠፋ ግን አኖዱ ውስጥ ግማሹ ሃይድሮጅን ግማሹ አየር ሲሆን ካቶዱ ለአፍታ ወደ 1.4 ቮልት ይወጣል፤ ያን ጊዜ ቀርፋፋነቱ ይቀራል።

ግፊቱን አስቀድሞ ማወቅ

የጎንደር ትክክለኛ የአየር ግፊት 78.5 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። ስልክ ላይ ያለው የአየር ጠባይ መተግበሪያ 101 ወይም 102 ቢል አትመኑት፤ እሱ ወደ ባሕር ጠለል ተቀይሮ የሚነገር ቁጥር ነው። አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ለአብራሪዎች የሚሰጠው ቁጥርም እንዲሁ ነው። ላቦራቶሪው ግድግዳ ላይ ባሮሜትር ስቀሉና የዕለቱን ንባብ ከእያንዳንዱ ልኬት ጋር ጻፉ።

በ25 ዲግሪ የውሃው ትነት 3.2 ኪሎ ፓስካል ስለሚይዝ ለኦክስጅኑ የሚቀረው 75.3 ነው። ባሕር ጠለል ላይ 98 ነበር። በ0.1 ሞላር ፐርክሎሪክ አሲድ፣ ካታሊስቱ ተቀብቶበት በደቂቃ 1,600 ዙር በሚሽከረከር ዲስክ ላይ የኦክስጅን ከረንት ጣሪያው በመጻሕፍት ከ5.7 እስከ 6.0 ሚሊ አምፔር በካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ጎንደር ላይ የምትጠብቁት ከ4.4 እስከ 4.6 ነው። 4.5 ያገኘ ተማሪ ቀለሙን (ዲስኩ ላይ የሚቀባውን የካታሊስት ድብልቅ) ደጋግሞ ሲቀባ ይውላል፤ ቀለሙ ምንም አልሆነም። 5.8 ካገኛችሁ ግን ፈትሹ፤ ወይ የዲስኩ ስፋት ተሳስቷል ወይ ቀለሙ ከጠርዙ ወጥቷል።

ማጣቀሻውም ይነካል። ሃይድሮጅን እያስነፈሳችሁ የምታስተካክሉት ማጣቀሻ ኤሌክትሮድ (ቮልቴጅ የሚለካበት መነሻ) እዚህ ግፊት ላይ ከመደበኛው በ3.6 ሚሊ ቮልት ከፍ ይላል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በ0.9 ቮልት አካባቢ ከረንቱ በየ65 ሚሊ ቮልት ገደማ አሥር እጥፍ ስለሚቀየር 3.6 ሚሊ ቮልት 12 በመቶ ያህል ይወስዳል። ከኦክስጅኑ ማነስ ጋር ሲደመር ያልታረመ አክቲቪቲ (የካታሊስቱ የሥራ አቅም) በአንድ ሦስተኛ ዝቅ ብሎ ይነበባል። ማረሚያው ቀላል ነው፦ በማጣቀሻው ላይ ያነበባችሁት ቮልቴጅ ላይ 3.6 ሚሊ ቮልት ደምሩ፣ የኪነቲክ ከረንቱን (የኦክስጅን አቅርቦት ሳይገድበው ካታሊስቱ ራሱ የሚሰጠውን) በ98 አባዝታችሁ በ75.3 አካፍሉ።

በመቶኛ የሚነገረው ኪሳራ በዚህ አይነካም፤ ፊተኛውም ኋለኛውም አንድ ቦታ ስለተለካ ስሕተቱ ይጣፋል። ከሌላ ቦታ ቁጥር ጋር ካላወዳደራችሁ እርማቱን መተው ትችላላችሁ።

ኦክስጅኑን ከየት እንዳመጣችሁም እወቁ። ከአየር ለይቶ የሚያመርት የሕክምና ኦክስጅን ማሽን የሚሰጠው 93 በመቶ አካባቢ ነው፤ በሱ ጣሪያው ወደ 4.2 ይወርዳል። የብየዳ ሲሊንደር ቆሻሻ ሊኖረው ስለሚችል አይመከርም። ናይትሮጅንና አርጎኑ 99.999 ይሁን።

ንጽሕና

እዚህ ላይ የሚጠፋው ጊዜ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል፤ መጥፋትም አለበት። የቧንቧ ውሃ በክሎሪን ይታከማል፤ አንድ ጊዜ የተጣራ ውሃም አይበቃም። የሚያስፈልገው 18.2 ሜጋ ኦም-ሴንቲ ሜትር ውሃ ነው። ክሎራይድ እጅግ ጥቂቱ እንኳ ፕላቲነሙ ላይ ተቀምጦ ኦክስጅንን ይከለክላል፣ ፕላቲነሙንም ያሟሟል። ስለዚህ ብርጭቆ በበረኪና አይታጠብም፤ በፈሳሽ ሳሙናም አይታሽም። የብር ክሎራይድ ማጣቀሻም ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ከጫፉ ክሎራይድ ያፈስሳል።

ብርጭቆውን በጥቂት ፖታስየም ፐርማንጋኔት በተቀላ ፈዛዛ ሰልፈሪክ አሲድ አሳድሩት፤ ወፍራም አሲድ ከፐርማንጋኔት ጋር ስለሚፈነዳ በጭራሽ አይሆንም። ጠዋት ጥቂት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ባለበት ፈዛዛ አሲድ ቡናማው እስኪጠፋ እጠቡ። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ቀቅሉ፣ ድፉ፣ እንደገና ቀቅሉ። ጎንደር ላይ ውሃ በ93 ዲግሪ ስለሚፈላ አራት ጊዜ የሚባለውን ስድስት ብታደርጉት ይሻላል። ጓንት ሳታደርጉ አትንኩ፤ ላብ ራሱ ጨው ነው።

አሲዱ፦ 70 በመቶ ፐርክሎሪክ አሲድ 8.6 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ ወደ ውሃ ጨምሩና እስከ 1 ሊትር ሙሉ። አሲድ ወደ ውሃ እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይደለም። ያልቀጠነውን አሲድ የያዘውን ጠርሙስ ከእንጨት መደርደሪያና ከአልኮል አርቁ፤ አታሙቁት።

ቀለሙ

ቅይጡ ከፋብሪካ አሲድ ታጥቦ ካልመጣ እናንተ እጠቡት፦ 0.5 ሞላር ሰልፈሪክ አሲድ፣ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ፣ ናይትሮጅን እየነፈሰ፣ ሌሊቱን። ልቅ የሆነው ኮባልት አስቀድሞ ካልወጣ በመጀመሪያዎቹ መቶ ዑደቶች ወጥቶ «ካታሊስቱ ቶሎ ደከመ» ያሰኛል። አጣርታችሁ ውሃው አሲድነቱ እስኪጠፋ አለቅልቁ፤ በ60 ዲግሪ በቫክዩም አድርቁ።

ከክብደቱ 46 በመቶ ፕላቲነም ላለው ዱቄት፦ 7.6 ሚሊ ግራም መዝኑ፤ በቅድሚያ 7.6 ሚሊ ሊትር ውሃ አፍስሱና ዱቄቱ በሙሉ ይርጠብ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ 2.4 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፓኖልና 40 ማይክሮ ሊትር 5 በመቶ ናፊዮን ጨምሩ። ቅደም ተከተሉ የምርጫ ጉዳይ አይደለም። ደረቅ ፕላቲነም ላይ አልኮል ሲያርፍ አየር ባለበት ይቀጣጠላል።

በበረዶ ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ 20 ደቂቃ በሶኒኬተር (በድምፅ ሞገድ በሚያናውጥ ማሽን) ምቱት። በረዶው ከቀለጠ ውሃው ይሞቃል፣ አልኮሉ ይተናል፣ ቀለሙ ይቋጥራል። በ0.05 ማይክሮን አልሙና የተወለወለው 5 ሚሊ ሜትር ዲስክ ላይ 10 ማይክሮ ሊትር ጣሉና ዲስኩን ገልብጣችሁ በደቂቃ 700 ዙር እያሽከረከራችሁ አድርቁ። ዲስኩ ላይ የሚቀረው ፕላቲነም 3.5 ማይክሮ ግራም፣ ማለትም በካሬ ሴንቲ ሜትር 18 ማይክሮ ግራም ገደማ ነው። ሲደርቅ በአጉሊ መነጽር እዩት፦ ዳር ዳሩ ጠቁሮ መሐሉ ከሳሳ ጥረጉና ድገሙ። እንዲህ ያለ ፊልም ጣሪያው ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ በሽክርክሪቱም ይላጣል፤ የተላጠው ደግሞ እንደ ካታሊስት እርጅና ይቆጠራል።

ልኬቱና ዑደቱ

ተቃራኒ ኤሌክትሮዱ (ከዲስኩ ጋር ከረንቱን የሚያዘዋውረው) የፕላቲነም ሽቦ አይሁን። በሺህ በሚቆጠሩ ዑደቶች ከሽቦው የሟሟ ፕላቲነም በእናንተ ዲስክ ላይ ይለጠፋል፤ ካታሊስቱ የማያረጅ ይመስላችኋል። በብርጭቆ ወንፊት የተለየ የግራፋይት ዘንግ ተጠቀሙ።

ገጹን ለማጽዳት ናይትሮጅን በጠገበ አሲድ ከ0.025 እስከ 1.2 ቮልት በሰከንድ 100 ሚሊ ቮልት ከ50 እስከ 100 ጊዜ አዙሩ። መስመሩ መለወጥ ሲያቆም ይበቃል። ከዚያ በሰከንድ 20 ሚሊ ቮልት ከ0.025 እስከ 1.0 ቮልት አንድ ቮልታሞግራም (ቮልቴጁ ሲቀየር ከረንቱን የሚያሳይ መስመር) ውሰዱ፤ ገጹ ላይ የሚጣበቀውን የሃይድሮጅኑን ቻርጅ ለካችሁ በ210 ማይክሮ ኩሎም በካሬ ሴንቲ ሜትር አካፍሉ። ቅይጥ ላይ ሃይድሮጅን ብቻውን ገጹን አሳንሶ ስለሚያሳይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ገጹ ላይ አጣብቆ በቮልቴጅ በማንሳትም ድገሙት፤ የዚያኛው አካፋይ 420 ነው። ጋዙ ሽታ የለውም፣ ይገድላል፤ ያለ ጭስ ማውጫ ካቢኔና ያለ ጠቋሚ አትክፈቱት። የሁለቱ ስፋቶች ንጽጽር ራሱ መረጃ ነው፦ ጤነኛ የፕላቲነም ቆዳ ላይ የሞኖክሳይዱ ከሃይድሮጅኑ ይበልጣል፤ ልዩነቱ እየጠፋ ከሄደ ከቆዳው ሥር ያለው ኮባልት እየሸሸ ነው።

ቀጥሎ ኦክስጅን አጥግባችሁ በ1,600 ዙር፣ በሰከንድ 20 ሚሊ ቮልት ወደ ላይ ለኩ። በአሲዱ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ የሚጠፋውን ቮልቴጅ አርሙ፤ ናይትሮጅን ውስጥ የተወሰደውን መስመር ቀንሱ። በ0.9 ቮልት ላይ ያለውን ከረንት በጣሪያው አባዙ፣ በሁለቱ ልዩነት አካፍሉ፤ ያ የኪነቲክ ከረንቱ ነው።

ዑደቱ የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር ያወጣው ነው፦ 0.6 ቮልት ላይ 3 ሰከንድ፣ 0.95 ላይ 3 ሰከንድ፣ 30,000 ጊዜ፤ 50 ሰዓት ይፈጃል። በዝግታ ከሚወጣና ከሚወርድ ሦስት ማዕዘን ሞገድ ይህ ይጠነክራል፤ ኦክሳይዱ ለመከላከል ጊዜ አያገኝም። ለካርቦኑ ብቻ የተለየ ፈተና አለ፦ ከ1.0 እስከ 1.5 ቮልት፣ በሰከንድ 500 ሚሊ ቮልት፣ 5,000 ጊዜ። ሁለቱን አንድ ናሙና ላይ አታከታትሉ። በ1,000፣ በ5,000፣ በ10,000 እና በ30,000 ቆማችሁ ለኩ፤ ከመለካታችሁ በፊት ግን አሲዱን በአዲስ ለውጡ፣ ከአሮጌው 10 ሚሊ ሊትር በፕላስቲክ ጠርሙስ ለኮባልት ምርመራ አስቀሩ።

ቁጥሩን ማንበብ

ለስሌት ያህል፦ መጀመሪያ የሃይድሮጅኑ ቻርጅ 367 ማይክሮ ኩሎም፣ የኪነቲክ ከረንቱ 1.4 ሚሊ አምፔር ነበር እንበል። ገጹ 1.75 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ በግራም 50 ካሬ ሜትር ነው። በሚሊ ግራም ፕላቲነም 0.40 አምፔር፣ በገጽ ደግሞ 0.80 ሚሊ አምፔር በካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። መጨረሻ ላይ ቻርጁ 245፣ ከረንቱ 0.7 ሆነ። በሚሊ ግራም የሚገኘው 50 በመቶ ወርዷል። ከፋፍሉት፦ ገጹ ወደ 1.17 ወርዷል፣ ሦስተኛው ጠፍቷል፤ በገጽ የሚገኘው ከ0.80 ወደ 0.60 ወርዷል፣ ሩቡ ጠፍቷል። የመጀመሪያው የፕላቲነም መሟሟትና መወፈር ነው፤ ሁለተኛው የኮባልት መውጣት ነው። የሚኒስቴሩ የኪሳራ ወሰን 40 በመቶ ስለሆነ ይህ ናሙና አላለፈም። ግን የወደቀበት ምክንያት ሁለት ነው፤ ትልልቅ ቅንጣት ያለው ዱቄት መግዛት አንዱን ብቻ ይፈታል። ለኮባልቱ የሚረዳው አቶሞቹ በሥርዓት የተደረደሩበት፣ በከፍተኛ ሙቀት የታከመ ቅይጥ ነው።

ገጹ ወርዶ በገጽ የሚገኘው ካልተነካ ኮባልቱ በቦታው አለ። ቮልታሞግራሙ በ0.4 ቮልት አካባቢ ከወፈረና 0.6 አጠገብ ጉብታ ካወጣ ካርቦኑ ተበልቷል። ሁሉም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ዑደቶች ወርዶ አሲዱ ሲለወጥ ከተመለሰ ቆሻሻ ነበር፤ ሪፖርቱ ውስጥ አይግባ። ኤክስሬይ ዲፍራክሽን ካላችሁ በመዳብ ጨረር የንጹሕ ፕላቲነም ዋና ጫፍ 39.8 ዲግሪ ላይ፣ ሦስት ለአንድ የሆነው ፕላቲነም-ኮባልት 40.5 አካባቢ ነው። ጫፉ ወደ 39.8 እየተመለሰ ከሆነ ኮባልቱ ወጥቷል፤ እየቀጠነ ከሆነ ቅንጣቱ አድጓል።

ወደ ሙሉ ሴል ሲኬድ

ዲስኩ ላይ ያለው ፈተና በክፍል ሙቀት ስለሆነ ይራራል። እውነተኛው በ80 ዲግሪ፣ በሙሉ እርጥበት፣ አኖዱ ሃይድሮጅን ካቶዱ ናይትሮጅን ሆኖ የሚሠራው ነው፤ በደቂቃ 200 እና 75 ሚሊ ሊትር። እዚህ የጎንደር ግፊት ከዲስኩ ይልቅ ይጎዳል። በ80 ዲግሪ የውሃ ትነት 47.4 ኪሎ ፓስካል ነው፤ ከ78.5 ውስጥ ለጋዙ የሚቀረው 31 ብቻ ነው። ባሕር ጠለል ላይ 54 ነበር።

ከዚህ ሦስት ነገር ይከተላል። አኖዱ እንደ ማጣቀሻ ስለሚያገለግል በ8 ሚሊ ቮልት ገደማ ከፍ ይላል፤ የእናንተ 0.95 ከሌሎቹ 0.95 ትንሽ ይብሳል። ስለዚህ መውጫው ላይ በጌጅ 23 ኪሎ ፓስካል ግፊት ጨምሩ። አክቲቪቲ የሚለካው 150 ኪሎ ፓስካል ፍጹም ግፊት ላይ ሲሆን መመሪያዎች አንዳንዴ በጌጅ 49 ብለው ይጽፋሉ፤ ጎንደር ላይ ጌጁ 71.5 ማንበብ አለበት። ሦስተኛው ውሃ ነው፦ ግፊት ካልጨመራችሁ እርጥበት ሰጪዎቹ በ50 ሰዓት ውስጥ ወደ 1 ሊትር ይጠጣሉ፤ ባሕር ጠለል ላይ ከ0.6 ሊትር አይበልጥም ነበር። ሌሊት ከደረቁ ሜምብሬኑ ይሰነጠቃል።

መብራት ሲጠፋ

50 ሰዓት ሙሉ መብራት አይጠፋም ብሎ መጀመር አይቻልም። ፖቴንሽዮስታቱ (ቮልቴጁን የሚቆጣጠረው ማሽን) እና ኮምፒውተሩ በዩፒኤስ ይሁኑ፤ የሴሉን ማሞቂያ በዩፒኤስ ለማቆየት አትሞክሩ፣ ባትሪውን ይጨርሰዋል። ዋናው ቫልቮቹ ናቸው። የሃይድሮጅኑ ቫልቭ ኤሌክትሪክ ሲያጣ የሚዘጋ፣ የናይትሮጅኑ ሲያጣ የሚከፈትና ሁለቱንም ጎን የሚያጥብ ይሁን። ይህ ካልተደረገ አኖዱ ውስጥ በቀረው ሃይድሮጅን ላይ አየር ይገባና ከላይ ያልነው 1.4 ቮልት ይመጣል፤ አንድ መብራት መጥፋት የካርቦን ጉዳት አድርሶ የካታሊስቱን ውጤት ያበላሻል።

ዑደቱን በአንድ ትእዛዝ 30,000 አትስጡት፤ በ500 በ500 ከፋፍላችሁ እያንዳንዱ ሲያልቅ ፋይል ይጻፍ። መብራት ሲመለስ ሴሉ በናይትሮጅን ሥር 80 ዲግሪ ደርሶ እርጥበቱ እስኪረጋ ጠብቁ፤ ከዚያ ሃይድሮጅኑን ከፍታችሁ ከተቋረጠበት ክፍል መጀመሪያ ቀጥሉ፣ የተደገሙትንም ዑደቶች ቁጠሩ። መዝገቡ ላይ ሰዓቱን በማሽኑ አቆጣጠር ጻፉ። ተረኛው «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጠፋ» ብሎ ጽፎ ፋይሉ 02:00 ካለ በሦስተኛው ቀን የትኛው መቋረጥ የትኛው እንደሆነ ማዛመድ ይከብዳል።